ስደተኛ የሌለበት ታሪክ፦ የታሪክ ትምህርታችን ከኡም ራኩባ ሲታይ

የሒሳብ አስተማሪ ክፍል ሲገባ፣ ስለ ዕለቱ ትምህርት ከእርሱ በፊት ለተማሪዎቹ የነገራቸው ሰው ብዙ የለም። የታሪክ አስተማሪ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። እርሱ ከመግባቱ በፊት አባትና እናት፣ አያትና ጎረቤት አስተምረዋል፤ ሬዲዮው አስተምሯል፤ ዛሬ ደግሞ የእጅ ስልኩ ከሁሉም ይበልጥ ያስተምራል። ጦርነት ባለፈበት አገር ይህ ነገር እጅግ ይከብዳል። እዚያ ላለ ተማሪ ታሪክ ማለት የተቃጠለው ቤታቸው፣ ያልተመለሰው ወንድሙ፣ በሌሊት የተሻገሩት ወንዝ ነው። አስተማሪው ጠመኔውን አንሥቶ በሰሌዳው ላይ ዓመተ ምሕረት ሲጽፍ፣ በተማሪው ልብ ውስጥ ቀድሞ የተጻፈ ሌላ ዓመተ ምሕረት አለ።

እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ታሪክ እንዴት ይሰጥ? ይህ ጥያቄ ለእኛ ለሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዎች የሩቅ አገር ጥያቄ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የትግራይ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ በወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነት ምክንያት ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ለሦስት ዓመት ያህል ተዘግተው ነበር። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተስፋፋው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች በራቸው ተዘግቷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ክፍል የሚመለሰው ወጣት ከየትም ይምጣ ከየት፣ የታሪክ አስተማሪው ምን እንደሚል በጆሮው ብቻ ሳይሆን በዓይኑም ይከታተለዋል።

ለዚህ ጥያቄ በዓለም ዙሪያ ሦስት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ኖሯል። አንዱ፣ ቁስሉ እስኪሽር ዝም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ መንግሥት የፈረደበትን አንድ ታሪክ ለሁሉም ማንበብ ነው። ሦስተኛው፣ የተጣሉትን ወገኖች ትረካ ጎን ለጎን ማቅረብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም እንመረምራለን። መመዘኛ እንዲሆነን የመረጥነው በምሥራቅ ሱዳን የሚገኝ አንድ ቦታ ነው፤ ይኸውም የኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው። ምክንያቱም ከሦስቱ መልሶች የትኛው እንደሚያዋጣ የሚታወቀው በዚያ ያለ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ፊት ሲቀርብ ነው ብለን እናምናለን።

ቦታውና ሁለቱ ስደቶች

ኡም ራኩባ የሚገኘው በገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። በሱዳን ዓረብኛ «ራኩባ» ማለት ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ጥላ ነው፤ እኛ ዳስ የምንለው ዓይነት። «ኡም» ደግሞ እናት ማለት ነው። የዳስ እናት እንደ ማለት ነው። በዳስ ውስጥ ፊደል የቆጠረና በዳስ ውስጥ ያስተማረ ኢትዮጵያዊ ብዙ ስለሆነ፣ የቦታው ስም ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር።

በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሀብና በጊዜው በነበረው ጦርነት ምክንያት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከሰሜን ኢትዮጵያ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደደ። ከትግራይ የተነሣው ገበሬ የአየር ድብደባ በመፍራት ቀን እየተሸሸገ ሌሊት ሌሊት ይጓዝ ነበር። ከእነዚህ ስደተኞች የሚበዙት ድንበሩ አጠገብ እንደ ወድ ኮውሊ ባሉ ጣቢያዎች ሰፈሩ። ኡም ራኩባም ከእነዚህ ጣቢያዎች አንዱ ነበር። ከጎንደርና ከአካባቢው የመጡ ቤተ እስራኤላውያንም ማንነታቸውን እየደበቁ በዚያው ተቀምጠዋል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በተካሄደው «የሙሴ ዘመቻ» ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጉት ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች የሞቱት ቤተ እስራኤላውያን አራት ሺህ ያህል እንደሚደርሱ ይገመታል። ከሌሎቹ ስደተኞችም በዚያው በሽታና በዚያው ረሀብ የሞተው ብዙ ነበር። በ1977 ዓ.ም. መጨረሻ ዝናቡ ሲመጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የትግራይ ገበሬዎች እንደ መጡት ሁሉ በእግራቸው ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ኡም ራኩባ ከዚያ በኋላ ተዘግቶ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ግን እንደገና ተከፈተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ሱዳን ገቡ። በሐምዳይት በኩል የገቡትን መጀመሪያ የተቀበሏቸው፣ ካላቸው ላይ ቆርሰው ያካፈሏቸው የመንደሩ ነዋሪዎች ነበሩ። ከስደተኞቹ 20 ሺህ ያህሉ በኡም ራኩባ ሰፈሩ። በ1977 ዓ.ም. በልጅነታቸው ሱዳን ተሰደው የተመለሱ ሰዎች በ2013 ዓ.ም. ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው እንደገና ተሰደዱ። ከስደተኞቹ መካከል የነበሩ አስተማሪዎችም ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ያዙ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተገለበጠ። ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ በምዕራብ ጎንደርም ኩመርና አውላላ የተባሉ መጠለያዎች ተከፈቱላቸው። በእነዚያም መጠለያዎች ዙሪያ ሰላም አልነበረም። ትናንት እንግዳ የነበረው አስተናጋጅ፣ አስተናጋጅ የነበረው እንግዳ ሆነ ማለት ነው።

መጽሐፉ ምን ይላል?

ይህን ድንበር የታሪክ ትምህርታችን ጨርሶ አያውቀውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት የመተማ ጦርነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው የገቡበት ቀን ነው። ተማሪው ሁለቱንም ለፈተና ያጠናቸዋል። ማጥናቱም ተገቢ ነው። በዚያው ድንበር ስለተሻገረው ሕዝብ ግን የሚጠየቀው ጥያቄ የለም።

ነገሩን ጠጋ ብለን ብናየው የሚገርም ሆኖ እናገኘዋለን። በታሪክ ትምህርታችን ስደተኛ ሲነሣ ሁለት ጊዜ ጎልቶ ይነሣል። መጀመሪያ፣ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ አክሱም መጥተው ንጉሡ እንደተቀበላቸው እናስተምራለን። ቀጥሎ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በስደት ስለቆዩት ንጉሠ ነገሥት እናስተምራለን። የመጀመሪያው ትምህርት እንግዳ ተቀባይ መሆናችንን የሚያመሰግን ነው፤ ሁለተኛው ስለ አንድ ንጉሥ ነው። ሌላ ሕዝብ እኛን ተቀብሎ ስላሳደረበት ዘመን፣ ስደተኛው ገበሬ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ወይም የስምንት ዓመት እረኛ ስለሆነበት ዘመን ግን የምንለው ጥቂት ነው። ሥራችን ሲሆን ይጻፋል፤ ውለታችን ሲሆን ይዘለላል።

ሌላም ነቀፌታ አለን። በ2012 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ የተዘጋጀውን «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» የተባለ የጋራ ኮርስ መማሪያ እንመልከት። ይህ መማሪያ የእኛ ተማሪዎች ከእጃችን ሲወጡ የሚቀበላቸው ስለሆነ ጉዳዩ ይመለከተናል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ታሪክ ምን እንደሆነ፣ የታሪክ ምንጭ እንዴት እንደሚከፈል፣ ምንጭም መመርመር እንደሚያስፈልገው ያስረዳል። ይህ የሚመሰገን አጀማመር ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ምዕራፎች ግን ትረካው ይቀጥላል እንጂ፣ ተማሪው ያንን ምርመራ ራሱ የሚለማመድበት ዕድል ጠባብ ነው። ዋና እንዴት እንደሚዋኝ በቃል አስረድቶ ወንዙን ከዳር እንደ ማሳየት ይመስላል። ትረካውም የሚያበቃው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ መጽሐፉ ሲያበቃ ገና አልተወለደም። እርሱ ያየውን ሁሉ የሚያስተምረው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ስለ ምንጭ ምርመራ የማይጨነቅ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የቋንቋው ነገር ይጨመራል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው የተሰደደው በትግርኛ ወይም በአማርኛ ነው፤ ያለቀሰውም በዚያው ቋንቋ ነው። ስለ ጦርነትና ስለ ሕዝብ መፈናቀል በክፍል የሚማራቸው ቃላት ግን ከእናቱ ቃላት ጋር አይገናኙም። ስለዚህ በአንድ ራስ ውስጥ ሁለት ታሪኮች ሳይተዋወቁ ይኖራሉ። አንዱ ለፈተና ነው፤ ሌላው ለኑሮ ነው።

የዝምታው መልስ

ዝም እንበል የሚሉ ሰዎች ክፋት የላቸውም። ክፍሉ እንዳይበጠበጥ፣ ልጆች እርስ በርሳቸው እንዳይጣሉ ብለው ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ የዘር ማጥፋት በኋላ የራሷን ታሪክ በትምህርት ቤቶች ማስተማርን አግዳ ለብዙ ዓመታት ቆይታለች። የቀድሞው መጽሐፍ ራሱ ጥላቻን ያስተምር ስለነበር፣ ሌላ እስኪዘጋጅ ማቆሙ ሊገባን ይችላል። የሊባኖስ ጉዳይ ግን የዝምታን ጉዳት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈረመው የጣኢፍ ስምምነት ለሁሉም ትምህርት ቤቶች አንድ የታሪክ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። መጽሐፉ እስከ ዛሬ አልወጣም። የእርስ በርስ ጦርነቱን ያላየው ትውልድ ስለ ጦርነቱ የተማረው እያንዳንዱ በየሰፈሩ፣ በየቤቱና በየፓርቲው ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው ተረታችን ለዝምታው መልስ ይበቃል። አስተማሪው ዝም ሲል የተወጋው ይረሳል ማለት አይደለም፤ ብቻውን ያስታውሳል ማለት ነው። ብቻውን ያስታወሰውን ደግሞ የሚያርምለት፣ የሚያሟላለት ወይም የሚያጽናናለት የለም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚባለውንም በዝምታ ለሚታመኑ ሰዎች እንደ ማስረጃ ማቅረብ አይቻልም። ንጋት ሰው ቢተኛም ይነጋል። የታሪክ እውነት ግን እያደር የሚጠራው ምስክሩ ሳይሞት የጠየቀው፣ ወረቀቱ ሳይጠፋ ያስቀመጠው ሰው ሲኖር ነው።

ለዚህ ኡም ራኩባ ራሱ ምሳሌ ነው። በሱዳን መንገድና በመጠለያዎች ላለቁት ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል፤ በየዓመቱም ይዘከራሉ። ዘመዶቻቸው ስማቸውን ሰብስበው ስላስመዘገቡ የእነርሱ ሞት ታሪክ ሆኗል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ምድር የሞቱት ሌሎች ኢትዮጵያውያን ግን በእኛ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ስም ቀርቶ ቁጥር እንኳ የላቸውም። ልዩነቱን የፈጠረው የሐዘኑ መጠን ሳይሆን የጠያቂና የመዝጋቢ መኖር ነው።

የአንድ ፍርድ መልስ

ሁለተኛው መልስ ለአስተዳደር የሚመች ነው። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ትረካ፣ አንድ ትክክለኛ መልስ ይኖራል፤ ፈተናውም ለማረም አይቸግርም። በአገራችን ይህ መንገድ በደንብ ተሞክሯል። በ1966 ዓ.ም. ለውጥ ማግሥት የታሪክ መጽሐፍ ተለወጠ፤ በ1983 ዓ.ም. ለውጥ ማግሥት እንደገና ተለወጠ። ትናንት ጀግና የተባለው ዛሬ ጨቋኝ ሲባል፣ ትናንት ሽፍታ የነበረው ዛሬ ታጋይ ሲሆን ተማሪው አይቷል። ከዚህ የተማረው ነገር ቢኖር፣ ታሪክ የባለ ጊዜ ነው የሚል ክፉ ትምህርት ነው። ይህን የተማረ ወጣት ለመጽሐፉ እውነት ደንታ የለውም፤ ፈተናውን ያልፍበትና ይጥለዋል።

የአንድ ፍርድ መንገድ ወደ ቅርቡ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ገና ከስሙ ላይ ይሰናከላል። ተከዜን ተሻግሮ ያለውን አካባቢ አስተማሪው «ምዕራብ ትግራይ» ካለ ከክፍሉ እኩሌታው ጆሮውን ይዘጋል፤ «ወልቃይት ጠገዴ» ካለም ሌላው እኩሌታ ይዘጋል። ትምህርቱ ሳይጀመር ተማሪው አስተማሪው የማን ወገን እንደሆነ ወስኖ ጨርሷል።

የሁለት ዓምዱ መልስ

ሦስተኛው መልስ ከሁለቱ የተሻለ ነው፤ ስለዚህም ረዘም ያለ ምርመራ ይገባዋል። በዚህ ረገድ በዓለም የታወቀው ሥራ እስራኤላዊው ዳን ባር ኦንና ፍልስጥኤማዊው ሳሚ አድዋን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ከሁለቱ ወገን አስተማሪዎች ጋር ሆነው ያዘጋጁት መጽሐፍ ነው። ገጹ በሦስት ዓምድ ይከፈላል። በአንዱ ዓምድ የእስራኤላውያን ትረካ፣ በሌላው የፍልስጥኤማውያን ትረካ ሰፍሯል። የመካከለኛው ዓምድ ባዶ ነው፤ ተማሪው የራሱን እንዲጽፍበት የተተወ ነው። ከተያዙት ርእሶች መካከል የ1917ቱ የባልፎር መግለጫና የ1948ቱ ጦርነት ይገኛሉ። የሁለቱም ወገን ባለሥልጣናት መጽሐፉን ለትምህርት ቤት መማሪያነት አልተቀበሉትም። የሥራው ድፍረት ግን የሚካድ አይደለም። ልጅ የጠላቱን ታሪክ በጠላቱ ቃል እንዲያነብ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህን መንገድ ወደ እኛ አገር አምጥተን በኡም ራኩባ ብንመዝነው ሁለት ጉድለት እናገኝበታለን።

አንደኛው ጉድለት ዓምዶቹ ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው። በ1977 ዓ.ም. በኡም ራኩባ የነበረው ሕዝብ በሁለት ዓምድ አይገባም። ከረሀብ የሸሸ ነበር፤ ከጦርነት የሸሸ ነበር፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ የወጣ ነበር። በ2013 ዓ.ም.ም ቢሆን አባቱ ከአንድ ወገን፣ እናቱ ከሌላው ወገን የሆኑ ልጆች ከሑመራና ከማይካድራ ተነሥተው ድንበሩን ሲሻገሩ በየትኛው ዓምድ ሊጻፉ ነው? ሁለት ዓምድ ሁለት ወገን እንዳለ አስቀድሞ ይወስናል፤ ልጁንም ከሁለቱ በአንዱ እንዲቆም ያስገድደዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ይከፋል። ሁለት ትረካ ጎን ለጎን ብቻ ከተቀመጠ ተማሪው «እነርሱ እንዲህ ይላሉ፣ እኛ እንዲህ እንላለን» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። የማይካድራን ነገር እንውሰድ። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ሰላማዊ ሰዎች በጅምላ ተገደሉ። ከዕልቂቱ የተረፉ አማሮች ምስክርነታቸውን ወደ ጎንደር ይዘው ሄዱ። ከከተማዋ ሸሽተው ሱዳን የገቡ ትግራውያን ደግሞ በመጠለያዎቹ ለጋዜጠኞች በትግራውያን ላይ ስለደረሰ ግድያ ተናገሩ። የአንድ ከተማ ምስክሮች በሁለት አቅጣጫ ተበትነው እያንዳንዳቸው ያዩትን ይዘው ሄዱ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ኅዳር 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት የተገደሉትን ቢያንስ 600 አደረሳቸው። ኮሚሽኑ ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ጋር በጣምራ ምርመራ አካሂዶ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ደግሞ፣ «ሳምሪ» የተባለ የትግራይ ወጣቶች ቡድን ከ200 በላይ አማሮችን መግደሉን፣ ከተማዋ በመንግሥት ጦር እጅ ከገባች በኋላም በትግራውያን ላይ የበቀል ግድያ መፈጸሙን ገለጸ። መጋቢት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጡት የጋራ ሪፖርት፣ ትግራውያን ከዚያ አካባቢ በኃይልና በጅምላ መፈናቀላቸውን አስታወቁ።

ይህን ሁሉ በሁለት ዓምድ ከፍለን «የአማራ ትረካ» እና «የትግራይ ትረካ» ብንለው በሙታን ላይ ማላገጥ ይሆናል። ማን ሞተ፣ ማን ገደለ፣ ስንት ሰው ሞተ የሚለው የአመለካከት ጉዳይ አይደለም። አንዱ ሞት ሌላውን ሞት አያጣፋውም፤ አንዱን መቁጠርም ሌላውን መካድ አይሆንም። አመለካከት የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ለምን ሆነ ወደሚለው ጥያቄ ሲደረስ ነው። ባዶ የተተወው የመካከል ዓምድ ለተማሪው ስሜት ብቻ ከሆነ አልበቃም። በእኛ አስተያየት ያ ዓምድ የማስረጃ ዓምድ መሆን አለበት።

ምን ይደረግ?

ነቅፎ መተው የአስተማሪ ወግ ስላልሆነ የበኩላችንን ሐሳብ እናቀርባለን። ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ከግጭት በኋላ የታሪክ ትምህርት የሚጀመረው ከስደቱ ታሪክ ይሁን፤ ስደቱም ከሩቁ ተነሥቶ ወደ ቅርቡ ይምጣ። በዚህ መንገድ ተማሪው ምስክርነትን የመመርመር ልማድ ይያዝ።

ከስደት ይጀመር ያልንበት ምክንያት አለን። የጦርነት ታሪክ ሲነሣ ተማሪው አሸናፊና ተሸናፊ ይፈልጋል። የስደት ታሪክ ሲነሣ ግን መንገድ፣ ውኃ፣ ስንቅ፣ በሽታና ያስጠለለ ሰው ይነሣሉ። ይህ የትኛውም ወገን ብቻውን «የእኔ ነው» ሊለው የማይችል ታሪክ ነው። ከሩቁ ይጀመር ማለታችንም በ1977 ዓ.ም. የሆነው ዛሬ ለ16 ዓመት ልጅ የአያቱ ዘመን ስለሆነ ነው። ቀዝቀዝ ብሎ ሊመረምረው ይችላል። ያ ዘመንም ቢሆን ክርክር የለበትም አንልም። ረሀቡን ያከፋው ድርቁ ነው ወይስ ጦርነቱ? ገበሬው የተሰደደው በራሱ ፈቃድ ነው ወይስ በድርጅት ትእዛዝ? እነዚህ ብርቱ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ተማሪው በአርባ ዓመት ርቀት ላይ ቆሞ ስለሚጠይቃቸው እጁን ያፍታታባቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካርታ ይሰቀል፤ ካርታ ከሌለ በሰሌዳው ላይ ይሣል። ሑመራ፣ መተማ፣ ገላባት፣ ሐምዳይት፣ ገዳሪፍ፣ ኡም ራኩባ ይመልከቱ። ከዚያ በ1977፣ በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. ማን ከየት ወደ የት እንደ ሄደ ቀስት እየሣሉ ያሳዩ። የ2015ቱ ቀስት ወደ እኛ ሲዞር የሚፈጠረው ጸጥታ ራሱ ትምህርት ነው።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ ያንን ዘመን ከሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት የሰማውን ይዞ ይምጣ። የተነገረውን በአራት ጥያቄ ይመርምር፦ የነገረኝ ሰው በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? የት ቆሞ አየ? የተናገረው በሆነ ጊዜ ነው ወይስ ከዓመታት በኋላ? ሲናገርስ ለማን ነበር የሚናገረው? እነዚህ ጥያቄዎች ከውጭ አገር መጽሐፍ መምጣት አያስፈልጋቸውም። በጥንቱ ሙግታችን ተጠየቅ ብሎ የሚከራከር፣ እማኝ ቆጥሮ የሚረታ ሕዝብ ልጆች ነን። ምስክርን ማክበርና ምስክርን መመርመር አብረው እንደሚሄዱ አያቶቻችን ያውቁት ነበር። አየሁ ያለ ሰው ሲጠየቅ ተሰደብኩ አይልም ነበር።

ወደ 2013 ዓ.ም. የሚደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። የማይካድራ ሪፖርቶች ተተርጉመውና አጥረው ለተማሪዎች ይሰጡ። የመጀመሪያው ሪፖርት 600፣ ሁለተኛው ከ200 በላይ ያለው ለምንድን ነው? መርማሪዎቹ የትኞቹን ምስክሮች አገኙ፣ የትኞቹንስ አላገኙም? በጎንደር ያለው ምስክርና በኡም ራኩባ ያለው ምስክር ቢገናኙ ምን ይጠያየቁ ነበር? ተማሪው የራሱን ወገን ምስክር በእነዚያው አራት ጥያቄዎች ሲመረምር ያን ጊዜ ታሪክ ተማረ እንላለን። የሌላውን ወገን ምስክር መመርመርማ ማንም ያውቅበታል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ለዚህ ሐሳብ ሦስት ተቃውሞ ሊቀርብበት እንደሚችል እናውቃለን።

የመጀመሪያው፣ «በብሔራዊ ፈተና የማይመጣ ነገር ለምን ጊዜ ይወስዳል?» የሚል ነው። የፈተናው ጫና እውነት ነው። ነገር ግን የታሪክ ምንጭና የምንጭ ምርመራ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ያለ ርእስ ነው። ለዚያ በተመደበው ጊዜ ውስጥ ትርጉም ከማስቃል ይልቅ ይህን ማሠራት ይቻላል። ሦስት ክፍለ ጊዜ ከዓመቱ ትምህርት ላይ የሚያጎድለው ብዙ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ቁስሉ ያልደረቀ ልጅ ክፍል ውስጥ አለ። ስለዚህ አንድ ጥብቅ ደንብ እንዲኖር እንጠይቃለን፤ ማንም ተማሪ በራሱ ወይም በቤተሰቡ ላይ የደረሰውን እንዲናገር አይገደድ፣ እንዲጽፍም አይታዘዝ፣ ለእርሱም ነጥብ አይሰጥበት። ልጁ ተማሪ እንጂ የክፍሉ ማስረጃ አይደለም። ከ1977 ዓ.ም. እንጀምር ያልነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ መናገር ከፈለገ ይናገር፤ ካልፈለገ ካርታውን ይሣል።

ሦስተኛው የአስተማሪው ደኅንነት ነው። በሰሌዳ ላይ በጻፈው አንድ የቦታ ስም ምክንያት የሚከሰስ አስተማሪ ሊኖር ይችላል። ይህን ፍርሃት አናቃልለውም። መፍትሔው አስተማሪውን ብቻውን አለመተው ነው። ጽሑፎቹን የሚመርጡት የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ ወረዳ የታሪክ አስተማሪዎች በአንድነት ይሁኑ፤ ርእሰ መምህሩና ወላጆችም አስቀድመው ይወቁት። አከራካሪ የሆነ የቦታ ስም ሲመጣ ሁለቱም ስሞች በሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ ለምን ሁለት እንደሆኑም ይነገር። ይህ ለአስተማሪው መከላከያ ነው፤ ለተማሪውም የዕለቱ የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

ጊዜ እንደሚወስድ እናውቃለን። ፈረንሳይና ጀርመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የታሪክ አዋቂዎቻቸውን ቶሎ ማገናኘት ቢጀምሩም፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻቸው የመጀመሪያውን የጋራ መጽሐፍ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ጦርነቱ ካበቃ ስድሳ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። እኛ ግን በአንድ ነገር ከእነርሱ እንለያለን። የእነርሱ ልጆች በሁለት አገር፣ በሁለት ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም ተኩስ እንዲቆም ተስማምተዋል። ተኩስ ያቆመ ሁሉ ግን በታሪኩ አልተስማማም፤ በሌሎች የአገራችን ክፍሎችም ገና ተኩሱ ያልቆመበት አለ። ስለ ቅርቡ ጦርነት የሚጻፈው መጽሐፍ አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም። ጥያቄው በዚያን ቀን መጽሐፉን የሚያነበው ወጣት ምን ዓይነት አንባቢ ይሆናል የሚል ነው። ስሙንና ወገኑን ብቻ የሚፈልግ አንባቢ ከሆነ የትኛውም መጽሐፍ አይጠቅመውም። ማን አየ፣ ከየት ሆኖ አየ ብሎ መጠየቅ የለመደ ከሆነ ግን የተሳሳተ መጽሐፍ እንኳ ቢሰጡት ያርመዋል። መጽሐፉ በእጃችን የለም፤ አንባቢው ግን ዛሬ በክፍላችን ተቀምጧል።